አባባ የሚወጋው ማጣሪያ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
የላክኸው የውሃ ማጣሪያ ስስ ሽፋን አሁንም ቀዳዳውን ራሱ ይደፍናል።

ወንድሜ ሙነወር፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አንተም የላቦራቶሪ ጓደኞችህም እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከተማችን ሐይቅም እንደተውካት ናት።

በሳምንት አንዴ በመርፌ ወግቼ እንድመዘግብ ነግረኸኝ ነበር። መዝገቡ ላይ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ብታይ አይግረምህ፤ የሚወጋው አባባ ነው። ሰው በገባ ቁጥር «ልጄ የሠራው ነው፤ ቁስሉን ራሱ ያሽራል» እያለ ያሳያል። ትናንት ጎረቤታችን አሚናት «አያ ኑርዬ፣ አሁን አሳይተኸኝ የለም እንዴ? እዘንለት እንጂ!» ብላ ሳቀች። እሱ ግን «ዛሬ መች መጣሽና?» አላት።

የተጣራውን ውሃ ከሶላት በፊት ለውዱእ ይታጠብበታል። ሰግዶ ሲጨርስ «ኢንሳፍ፣ ዙህርን ሰግጃለሁ?» ይለኛል። «ሰግደሃል» እለዋለሁ። ተመልሶ ውዱእ ያደርጋል።

ያረጀውን ሽፋን እንድትመረምረው ዛሬ በደሴ ሚኒባስ ልልክልህ እየጠቀለልሁ ነበር። አባባ መርፌ ልገዛ ብሎ በጠዋት ወጥቷል። መርፌው እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ነው። አሁን አሚናት ደውላ «ብቻውን ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርድ አየሁት» አለችኝ።

ጥቅሉ ሳይታሰር ይቆይ፤ ወጣሁ። አላህ ይጠብቅህ።

እህትህ ኢንሳፍ