የበረሃዋ አበባና የጋሽ ተክለብርሃን ጃንጥላ

ውድ ወንድሜ ካሊድ፣

ከሳሽም ምስክርም ሳይቀርብብኝ፣ በሙሉ ፈቃዴ አንድ ወንጀል አምናለሁ፤ የጋሽ ተክለብርሃንን ጥቁር ጃንጥላ የሰረቅሁት እኔ ነኝ። የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸውና ከዚያ ወዲህ ገርጂን በሙሉ ይጠረጥራሉ። ትናንት ስብሰባ ጠርተው የህሊና ጸሎት ሊያስደርጉን ምንም አልቀራቸውም።

የሰረቅሁት ግን በአንተ ምክንያት ነው።

ከአፋር በረሃ ነቅለህ፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ያመጣሃት ቢጫ አበባ ትዝ ትልሃለች? ደጃችን ላይ አስቀምጠህ ለእማዬ «ዳግም ስታብብ እኔም እመጣለሁ» አልካትና ወደ ከባድ መኪናህ ተመለስክ። ለእኔ ደግሞ በጆሮዬ «ውሃ እንዳታበዙባት፤ የበረሃ ናት» አልከኝ። ለምን ለእሷ አልነገርካትም? ለእሷ ጣፋጩን ወሬ፣ ለእኔ ዘበኝነቱን።

ጋሽ ተክለብርሃን አይተዋት «ይህቺማ አደይ ናት፤ ውሃ ከጠጣች ለእንቁጣጣሽ ትፈነዳለች» ብለው ፈረዱ። ቅጠሏ እንደ ጢማቸው አመድማና ጸጉራም መሆኑን ባሳያቸው «ልጄ፣ እኔ አበባ ሳውቅ አባትሽ አልተወለደም» አሉኝ። እማዬም አመነቻቸው። ይኸው በየንጋቱ ለሱብሂ ሶላት ስትታጠብ ከውዱእ የተረፋትን ውሃ እያፈሰሰችባት ዱዓ ታደርግልሃለች። ለእኛ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ለአበባዋ አንድም ቀን አልተጓደለባትም።

ሥሯ እየበሰበሰ ነው። ዝናቡን በጃንጥላ መከትኩት። ዱዓውን በምን ልመክት? «እማ፣ ውሃሽ እየገደላት ነው» ብላት፣ ለልጅሽ መለመን አቁሚ ያልኳት ይመስላታል። አበባዋ ከሞተች ደግሞ አንተ የሞትክ ይመስላታል። እሷን መቆጣት አልችልም። ስለዚህ አንተን እቆጣለሁ።

እዚያው አፋር፣ ሎጊያ ላይ ማግባትህን አውቃለሁ። የረዳትህ ፌስቡክ ላይ አየሁህ፤ በዚያ ሙቀት ሱፍ ለብሰህ፣ እንደ ቅቤ ልትቀልጥ ደርሰህ። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም፤ የአንተ አፍ አይደለሁም። የማትመጣ ከሆነ ደውለህ አልመጣም በላት። መምጣትህን ለአበባ አሸክመህ አትጥፋ።

ይህን የምጽፍልህ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጃንጥላውን በትከሻዬ ደግፌ፣ ጀሪካኑን በጉልበቶቼ መሃል ይዤ ነው። ዛሬ ውሃው ቢፈስ እኔ ላይ ይፈስሳል። አዛን ብሏል። በሩ ተከፈተ። እማዬ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማለች። አንዴ ጃንጥላውን፣ አንዴ ወረቀቱን ታያለች።

«ጃንጥላውን ተይው፤ ስለ እሱ በኋላ እንነጋገራለን። የምትጽፊው ለካሊድ ነው? እስቲ አንብቢልኝ፣ ሸይማ።»