ዓይኑን ወደ ጣሪያ የሰቀለው ፊት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ነሽልኝ? የወገብሽ ነገር እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ጉልበትሽን ትደገፊያለሽ ወይስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ሴቶቹ ልጆችሽ፣ ከጓሮ ያለችው ተከራይ ሁሉም ደህና ናቸው? አባባስ? እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ጨዋታው እንዴት ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ከወሬሽ መጥፋት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

በወረቀት ስጽፍልሽ መደንገጥሽ አይቀርም። አይዞሽ፣ ማንም አልሞተም፣ እኔም አልታመምኩም፣ ስልኬም አልተበላሸም። በስልክ ስጽፍ ጣቴ ከሐሳቤ ይቀድማል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ችኩሉ ያላችሁኝ በከንቱ አይደለም። በእስክሪብቶ ግን አንዱን ቃል እስክጨርስ ድረስ ቢያንስ ሁለት ጊዜ አስባለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ የምታነቢው አምስተኛው ነው።

አርባ ቀን ሆነ እኮ እትዬ። «ደህና ነን» ብቻ እየላክሽልኝ አርባ ቀን። ድሮ የጎረቤት ድመት ስንት እንደወለደች ሳይቀር ትጽፊልኝ የነበርሽው ሴት፣ አሁን በሁለት ቃል ትሸኚኛለሽ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስለማውቅ ለምን ብዬ ልጠይቅሽ አፈርኩ። ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ፦ ያን ቀን እጄ አልሳተም። «ለሥራ ባልደረባዬ ልልከው ስል ስቶ ወደ እናንተ መጣ» ያልኩሽ ውሸት ነው። የላክሁት ለእናንተ ነው፤ ያውም አውቄ።

አባባ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ የምጽፈውን ሁሉ ጮክ ብለሽ ታነቢለታለሽ። መጀመሪያ ሰሞን የምታነቢለት ቃሉን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የምትስቅ ኢሞጂ ነበረችና ለብቻሽ ስትስቂ ሰምቶ «ምን አለ?» ሲልሽ ነገርሽው። ከዚያ ወዲህ አንብበሽ ስትጨርሺ «ፊቱስ?» ሳይል አያልፍም። አንቺም «ይስቃል»፣ «አንድ ዓይኑን ጨፍኗል»፣ «እንባ ብጤ አለው» ትይዋለሽ። እንዲያውም አንድ ጊዜ ያለ ፊት ብጽፍ «ልጁ አኩርፎናል እንዴ?» ብሎሽ ነበር። እኔም ለእሱ ስል እየመረጥኩ እልክ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ማድረጌ ነው የሚከብደኝ።

ያን ቀን ያስጻፈሽ የካፖርቴን ነገር ነበር። ልሄድ ስል የሰፋልኝ ጥቁሩ ካፖርት፣ ዓይኑ ከመጥፋቱ በፊት የጨረሰው የመጨረሻ ሥራው። «ከላይ ሁለተኛውን ቁልፍ ይየው፣ ክሩ ጥቁር መሆኑንም ይየው፣ እንዳይወድቅበት» ይላል። አራተኛ ጊዜው ነበር። ሦስቱን ጊዜ «እሺ አባባ» ብያለሁ፤ አንድም ቀን ግን ካፖርቱን ዞር ብዬ አላየሁትም። አራተኛው ሲደርሰኝ ሦስት ጋሪ ሙሉ የሆቴል አንሶላ ፊቴ ተገትሯል፣ የመተኮሻው እንፋሎት ፊቴን ይልሰኛል። ኤጭ አልኩ። በአፌ ማለቴ አልበቃ ብሎኝ ላክሁት፤ ቢጫውን ፊት፣ አፉ መስመር የመሰለውን፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያ የሰቀለውን። አንድ ቃል እንኳ አልጨመርኩበትም።

ትንሽ ቆይተሽ «ይህን ለአባባ ምን ብዬ ልንገረው?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያኔ ነው እጄ ስቶ ነው ያልኩሽ። «እሺ» አልሽ። ያቺን እሺ አውቃታለሁ፤ በልጅነቴ ብርጭቆውን ድመቷ ሰበረችው ስልሽም የምትዪኝ እሷኑ ነበር።

ያን ፊት የተማርኩት እዚሁ ነው። የማጠቢያ ቤቱ ሠራተኞች በስልክ የምንጻጻፍበት ቡድን አለን። አለቃችን ሊወጣ የደረሰ ሰው ፊት አዲስ ጋሪ ሲያቆም አንዱ ያንን ፊት ይልካል፣ ሌላው ይከተላል፣ ወዲያው ሰባት ስምንት ፊት ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ይጀምራል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፣ አለቃውም አልተሰደበም፣ እኛ ግን ይወጣልናል። ስለዚህ «ደክሞኛል» ከማለት የተለየ አይደለም እያልኩ ራሴን ስደልል ከረምኩ።

ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፍ አንዲት ትልቅ ሴት አለች፤ በምላሷ ማንንም ስለማትምር «ምላጭ» እንላታለን፣ እሷም ስሙን ትወደዋለች። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለቱን ጫፍ እሷ፣ ሁለቱን ጫፍ እኔ ይዘን እንወጥረውና ተራምደን እንገናኛለን። ቀኑን ሙሉ ስንራራቅና ስንገናኝ ስለምንውል የማናወራው ነገር የለም። አንድ ቀን ይህን ነገር እንደ ቀልድ አጫወትኳት። ጫፏን እንደያዘች ባለችበት ቀረች፣ ወደ እኔ አልመጣችም።

«ለእኛ ስትልክልን አለቃውን አብረን እያየነው ነው» አለችኝ። «ለአባትህ ስትልክለት ማንን እያያችሁ ነው?»

«አባቴ እኮ ዓይነ ስውር ነው፣ አያየውም» አልኳት። መልስ መስጠቴ ነው።

«ይባስ» አለችና መጥታ ጫፏን አስረከበችኝ። ቀጣዩንም አንሶላ ከጋሪው አወጣች።

በሳምንቱ ከሥራ ልወጣ ካፖርቱን ከመስቀያው ሳወርድ ቁልፉ ወደቀ። የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ምላጭ ከወንበር ሥር አገኘችልኝ። ካፖርቱ ላይ የቀረውን ክር ሳይ ግን ቁጭ አልኩ። ነጭ ነው እትዬ። በጥቁር ካፖርት ላይ ነጭ ክር። ከሱሪ ጋር ትንሽ የማይመሳሰል ክር ያየ እንደሆን ተለማማጆቹን ስፌቱን ሙሉ ያስፈታ የነበረው ሰውዬ የሰፋው ነው። ስንት ጊዜ ቆልፌው ወጥቻለሁ፣ ስንት ጊዜ ፈትቼዋለሁ፣ ዓይን ያለኝ ሰውዬ አንድ ቀን አላየሁትም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያንን ካፖርት ሲሰፋ ዓይኑ ከድቶት ነበር፣ እኛን እንዳያስጨንቅ ደብቆናል። በኋላ ግን ጥርጣሬው አላስቀምጥ አለው። አራት ጊዜ «ይየው፣ ይየው» ሲል በእሱ ዓይን ፈንታ እንዳይለት እየለመነኝ ነበር። እኔ ኤጭ አልኩበት።

ባለፈው እሑድ ስደውል ባለቤትሽ ስልኩን ለአባባ ሰጠልኝ፤ አንቺ እጅሽ ሥራ ይዟል ተባልኩ። አባባ ደስ ብሎት ነበር የጠበቀኝ። «ያን ቀን የላክሃት ፊት ደስ አሰኘችኝ» አለኝ። «ጥርሱ እስኪታይ ስቋል ብላ እህትህ ነገረችኝ። ከሳቀማ ቁልፉም ክሩም ደህና ነው ማለት ነው ብዬ ተውኩት።» ምን እንዳልኩት አላስታውስም። «አዎ» ያልኩት ይመስለኛል። አየሽ፣ እንደገና ዋሸሁት።

እትዬ፣ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ዋሽተሽው አታውቂም። የጋዜጣውን መጥፎ ወሬ እንኳ ሳትዘይ ነው የምታነቢለት። ዓይኑ ሆነሽ ሳለ ያላየሽውን አየሁ እንድትይ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። አርባ ቀን የጨነቀሽ ይህ እንደሆነ ዘግይቼም ቢሆን ገብቶኛል። አኩርፈሽኝ መስሎኝ ነበር፤ አኩርፈሽኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህንን እዳሽን ከትከሻሽ ላውርድልሽና እንደ ድሮው ስለ ጎረቤት ድመት ጻፊልኝ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መኪናውን ሲነዳ ከተሳፋሪ ጋር መከራከሩን ይቀንስ። ለትልቋ ልጅሽ፣ የሥዕል ደብተሯን እየጠበቅሁ ነው በያት። ለትንሿ፣ ጥርሷ በቀለ ወይ? ከጓሮ ላለችው ተከራይሽ፣ አባባን በጨዋታ ስለምታውልልን እግዜር ይስጥልን። አንቺን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጭሽን ሳምኩሽ።

እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ላንቺ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ግን ሳትቀንሺ፣ ሳታለዝቢ ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

አባባ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ካፖርቱን አየሁልህ። ማየት የነበረብኝ መጀመሪያ የነገርከኝ ቀን ነበር። ሁለተኛው ቁልፍ ወድቋል፣ ግን አልጠፋም፣ ኪሴ ውስጥ ነው። ክሩ ነጭ ነው አባባ። የቀሩትን አራቱን አንድ በአንድ ጎትቼ አይቻቸዋለሁ፤ ጥቁር ናቸው፣ ንቅንቅ አይሉም። ሰው ልስፋልህ ብሎኝ እንቢ አልኩ፤ ስመጣ እህቴ ጥቁር ክር በመርፌው ታስገባልሃለች፣ የምትሰፋው አንተ ነህ። ያን ቀን የላክሁልህ ፊት አልሳቀም ነበር። አንተ ላይ ኤጭ ያለ ፊት ነበር። እህቴ የደበቀችህ እንዳታዝንብኝ ብላ ነው፣ እሷን እንዳትቆጣት። አሁን አንብባ ስትጨርስ «ፊቱስ?» ማለትህ አይቀርም። ወረቀት ላይ ፊት ስለሌለ ራሴ ልንገርህ፦ አፍሯል አባባ፣ ግን ወደ አንተ ነው የሚያየው።

ልጅህ ችኩሉ

ከማጠቢያ ቤቱ ምሳ መብያ ክፍል
ኅዳር 11 ቀን