የአቃቂን ወንዝ ሲጠብቁ የኖሩት የአቶ ቀናው አደሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቀናው አደሴ ከአባታቸው ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ አደሴ ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቄ ጫላ በ1952 ዓ.ም. አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያው በአቃቂ አጠናቀው፣ በውሃ ሥራ ዲፕሎማ ካገኙ በኋላ በ1976 ዓ.ም. በቃሊቲ በኩል በሚገኝ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ተቀጠሩ። በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ እታገኝ መኩሪያ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጣቢያው ሰፋፊ ኩሬዎች ብቻ ነበሩት፤ የከተማው ፍሳሽ ከአንዱ ወደ ሌላው በዝግታ እያለፈ በፀሐይና በረቂቅ ተሕዋስያን ይጣራ ነበር። ከተማው ሲሰፋ ጥልቅ ገንዳዎች ተሠሩ። በገንዳዎቹ ሥር ቆሻሻውን የሚበላ ሕያው ዝቃጭ አለ፤ ለማደግ ወራት ይፈጅበታል፣ አንድ ጎርፍ ግን ጠርጎ ይወስደዋል። ጎርፉን የሚልኩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ የጣሪያቸውን አሸንዳ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ያገናኛሉ። ስለዚህ ዝናብ በጠና ቁጥር አቶ ቀናው ዝቃጩን ለማዳን ወደ ወንዙ የሚወስደውን የብረት በር ከፍተው ያልተጣራውን ፍሳሽ ይለቁ ነበር።

በከፈቱ ቁጥርም በወንዙ ዳር ሰላጣ ለሚያለሙት እኅታቸው ለወይዘሮ ፀሐይቱ ይደውላሉ።

«ፀሐይ፣ ዛሬ ሰላጣውን በወንዙ አትጠቢ።»

«ወንድምዓለም፣ ታዲያ በጠበል ልጠበው?» ይሉና ይስቁ ነበር፤ ግን ይታዘዙ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ በሩን በከፈቱበት ዕለት ኔትወርክ ጠፍቶ ስልኩ አልገባ አለ። ሰላጣው እንደ ልማዱ በወንዙ ታጥቦ ከፊሉ ለገበያ፣ ከፊሉ ለቤት ሆነ። ፀሐይቱ በዚያው ሳምንት በተቅማጥ አረፉ። ምክንያቱ ወንዙ ለመሆኑ ማንም አላረጋገጠም፤ አቶ ቀናው ግን ሌላ ምክንያት አልፈለጉም።

በእድሩ ስብሰባ ቆመው አሸንዳው ይነቀል ሲሉ ለመኑ። ሁሉም እጁን አወጣ፤ ማንም አልነቀለም። በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ኩላሊታቸው ታሞ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላም ጠያቂውን ሁሉ፣ «አሸንዳውን ነቀላችሁ?» ይሉ ነበር።

«እንነቅላለን ጋሼ ቀናው፣ ብቻ እርስዎ ይዳኑልን!»

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ አቶ ቀናው ስለ አሸንዳው መጠየቃቸውን ተዉ።

ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ዘካሪያስንና ትርሲትን እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ዛሬ ሊሸኟቸው ከመጡት ጎረቤቶች ቤቶች መካከል አሸንዳው የተነቀለ አንድም ቤት የለም፤ ይህ እዚህ የተጻፈው ያለ እርሱ ታሪካቸው እውነት ስለማይሆን ነው። እግዚአብሔር በዚህ ምድር የነፈግናቸውን ዕረፍት ለነፍሳቸው ይስጥልን።