መድረክ ላይ የቆመው ዊልቸር

ውድ እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ለደብዳቤ ወግ ያህል የጠየቅሁሽ እንዳይመስልሽ። እንዴት ነሽ ስልሽ እግርሽ አብጧል ወይ፣ ውኃ ጥሙ እንቅልፍ ነሥቶሻል ወይ፣ ዓይንሽ ከበፊቱ ብሶ ደንግዟል ወይ ማለቴ ነው። እኔ ከወገቤ በላይ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከወገቤ በታች ያው ስትጠይቂኝ መጥተሽ እንዳየሽኝ ነኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንባቢሽ ቀስ ብሎ ይድገምልሽ።

ትንሿ እህቴ ደውላ የስኳር መርፌሽን መተውሽን ነገረችኝ። ልጄን ከወንበር ያስነሣ ጌታ እኔን ከመርፌ ያላቅቀኛል ብለሽ ብልቃጦቹን ከነመርፌያቸው ጥለሻል አሉ። አንጀቴ ተቃጠለ። ወዲያው ደወልኩልሽ። እማዬ አልተነሣሁም ብዬ ልጀምር ስል እልልታሽን አቀለጥሽው። ደግሜ ስሞክር የክህደት ቃል ከአፍህ አይውጣ ብለሽ ተቆጣሽኝ፤ መዳንህን የነገረኝ ታላቅ ወንድምህ ነው፣ ሐሰት ከሆነም እሱ ራሱ በአፉ ይንገረኝ፣ ከእሱ ሌላ የማንንም አልሰማም ብለሽ ዘጋሽብኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ከአንድ ሆድ ሰባኪና ቀለም ቀቢ ወጣን፤ አንቺ የምታምኚው ሰባኪውን ነው። ስለ ገዛ እግሬ እንኳ ከእኔ ይልቅ እሱ ታመነ።

እንግዲህ ከሥሩ ልንገርሽ። ሊያቅለሸልሽሽ ይችላል፤ እኔን ካቅለሸለሸኝ ሰንብቷል።

ግድግዳ ስቀባ ከመወጣጫው ወድቄ ወገቤ ከተሰበረ በኋላ ያለፍኩትን የመጀመሪያውን ዓመት አይተሻል። ሰው መሆን አስጠልቶኝ ነበር። ያላየሽው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቴ ሥራ ላይ ሳለች፣ ከአልጋው ተንሸራትቼ ወደቅሁ። በቱቦ የሚሞላው የሽንቴ ከረጢት ከሥሬ ፈነዳ። ጉንጬ ሲሚንቶው ላይ ተለጥፎ፣ ሸሚዜ ርሶ፣ አንዲት ዝንብ ከንፈሬ ላይ እየተመላለሰች ተጋድሜ ቀረሁ። ጎረቤት ልጠራ አልኩና ማን እንዲያየኝ ብዬ ተውኩት። ስድብ ቀረሽ ጸሎት ጸለይኩ። አንተ ንጹሕ ነህ፣ እዚህ ሽንት ውስጥ አትገባም፣ ደጅ ላይ አፍንጫህን ይዘህ ቆመሃል አይደል አልኩት።

እማዬ፣ ደጅ ላይ አልነበረም። እንዴት አድርጌ እንደማስረዳሽ አላውቅም። ድምፅ አልሰማሁም፣ ብርሃንም አላየሁም። ብቻ ጌታ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ሽታዬ ውስጥ፣ ምንም ሳይጸየፈኝ አብሮኝ እንዳለ አወቅሁ። እኔ ራሴን ተጸይፌ፣ እሱ አልተጸየፈኝም! ደስ አለኝ። እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ ስትመለስ ስስቅ አግኝታኝ አበደ ብላ መሃረቧን ጣለች። ደስታው ያን ቀን ብቻ የመጣ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። ጀርባዬ ቆስሎ ሲመግልም፣ ሥራ ያጣሁ ጊዜም፣ ሰው ሲያዝንልኝ ደሜ ሲፈላም ከሥር አለ። ተአምር ከፈለግሽ የእኔ ተአምር ይኸውልሽ።

ወንድም ጋሼ ይህን ስነግረው ዓይኑ በራ። የምሰብክበት አዳራሽ መጥተህ መስክር አለኝ። ደስ እያለኝ ሄድኩ፤ ምን እንደምናገር ስንት ቀን ሳሰላስል ሰንብቼ። ከጸሎቱ በኋላ ዊልቸሬን እየገፉ መድረክ ላይ አወጡኝ። ማይኩ አፌ ጋ ከመድረሱ በፊት ወንድም ጋሼ መንፈሱ ሞቀና፣ ለጌታ ክብር ቆሞ ይመስክር ብሎ ጮኸ። ሁለት ጎረምሳ መዘምራን በብብቴ ገብተው አነሡኝ። እግሬን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሐኪሙ ፊትሽ እንዳስረዳን፣ ትእዛዝ የማይደርሰው እግር አንዳንዴ ራሱ እንደ ግንድ ይገተራል፣ ይወራጫል፤ አልጋ ላይ እንኳ ስንቴ ባለቤቴን ረግጫታለሁ። ያኔም ተገተረ። ከዚያ አንደኛው ወደ ፊት ተወርውሮ መድረኩን መታ። ረገጠ! ረገጠ! ተባለ።

አዳራሹ ተናወጠ። አልዳንኩም፣ እግሬ ነው የሚንዘፈዘፈው እያልኩ ጮኽኩ፤ ማይኩን ወስደውታል፣ ኪቦርዱ ይንጫጫል። አንዲት ሴትዮ ተንበርክካ ጫማዬን ሳመችው። አንዱ ደግሞ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኖ ምን ተሰማህ ይለኛል። ሰውነቴን ሲያገላብጡት አንድም ሰው እኔን አላየኝም፤ ሊያዩ የፈለጉትን አዩ። ልመሰክር የመጣሁትን እውነተኛ ነገር ጥለው፣ እግሬ ሳላዘው የዘለለውን ዝላይ አነሡ። ወርቁን ጥሎ ማሸጊያውን እንደ መውሰድ ነው። ቤቴ በሸክም ከመለሱኝ በኋላ ዊልቸሩ ለመታሰቢያ ተብሎ መድረክ ላይ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ እኔ ተራማጅ ተብዬ መሬት ለመሬት ስጎተት፣ ወንበሬ ብቻውን ቆሞ ይሰበክበታል።

የባሰውን ልንገርሽ? አንድ ቀን ምንጣፍ ላይ በሆዴ ተኝቼ ለዳቦ ቤት የታዘዝኩትን ሰሌዳ ስጽፍ፣ የአዳራሹ ጸሐፊ መጣ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ወደ ወንበሩ ለመድረስ እግሬን ተሻግሮ አለፈ። ልብ በይ፣ የሚራመደውን እግሬን! ተሻግሮኝ ከተቀመጠ በኋላ፣ እንዴት ነህ፣ መመላለሱን በደንብ ለመድከው ወይ አለኝ። ለዊልቸሩ ከበላዩ የሚሰቀል ሰሌዳ እንድጽፍ ሊያዘኝ ነው የመጣው። ከዚህ ወንበር ተነሥቶ ሄደ የሚል፣ በትልቁ፣ በቀይ ቀለም። ጽሑፉ የራሴ የእጅ ሥራ ቢሆን ምእመኑን ይበልጥ ያጽናናል አለ። ዓይኑ እግሬን ያያል፣ አፉ ሌላ ያወራል። ዓይን አውጣ የሚባል ሰው ሰምቼ አውቃለሁ፤ ዓይን እያለው የማያይ ግን ያን ዕለት አየሁ። እሺ አልኩት።

እሺ ያልኩት ሳቄ ስለመጣ ነው። ሰሌዳውን አሳምሬ ጻፍኩት፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁ። እሑድ ዕለት መዘምራኑ እየዘመሩ፣ ወንድም ጋሼ በገዛ እጁ ጋዜጣውን ቀደደው። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ አልተነሣሁም። ደስታዬ ግን እውነት ነው። ወንበሬን መልሱልኝ። ከኋላ ያሉት እየተነሡ አነበቡት አሉ። ምስክርነቴን በመጨረሻ ሰጠሁ ማለት ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት ወንድም ጋሼ ቤቴ መጣ። ብቻውን ነው። ወንበር ስባ ብታቀርብለት ባለቤቴን አይሆንም ብሎ፣ በዚያ ሱፉ ምንጣፌ ላይ ተቀመጠ። አልራራሁለትም። የአንድ ማሕፀን ልጅ ነኝ፣ ሕመሜን ሸቀጥ አደረግከው አልኩት። ከዚህም የከፋ ብዬዋለሁ፤ አንባቢሽ እንዳይሳቀቅ እተወዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። መዘምራኑ ሲያስቀምጡኝ እግሬ እንደ ጨርቅ ሲተጣጠፍ አይቶት ነበር፤ ያኔውኑ ገብቶታል። ግን ሕዝቡ ደስ ብሎት ሲያለቅስ ማን ደፍሮ ዝም በሉ ይላል አለኝ። ከዚያ ቃል ቃልን እየወለደ፣ ለአንቺም ደውሎ እስኪነግርሽ ድረስ አመለጠው፤ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መርፌሽን መተውሽን አላወቀም ነበር። ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ይህን ያህል ዘመን ስለ ደስታ ሲሰብክ ሰምቼዋለሁ፤ የዚያን ሰዓት ፊቱ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ አልነበረችም። የእኔ ደስታ እንዴት እንደመጣ ድጋሚ ንገረኝ አለኝ። ከሽንቱ ጀምሬ ነገርኩት።

አሁንም ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። ይቅርታ እንደ ቀለም ነው፤ አንድ ዙር ቀብተሽም የድሮው እድፍ ከሥር ይታያል። ሁለተኛውን ዙር እየቀባሁ ነኝ። ዊልቸሬንም መልሰውልኛል፤ ጎማው ተንፍሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተጠምጥሞበት። አበባውን ባለቤቴ ቆራርጣ ጣለችው።

እማዬ፣ እምነትሽን ተይ አላልኩሽም። ሞቼ እገኛለሁ! እምነት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ግን ጌታ እኔን ሳያስነሣኝ አስደስቶኛል፤ አንቺንም ከነመርፌሽ ያስደስትሻል። መርፌው እሱን አያስቀናውም። የእኔን እግር አይተሽ መርፌሽን ጥለሽ ብትሞቺ፣ ሁለት ጊዜ ከመወጣጫው እንደወደቅሁ ቁጠሪው። ያኔ ይህ ከሥር ያለው ደስታ ይተርፍልኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ። እባክሽ አትፈትኚው።

ባለቤቴ ጉልበትሽን ትስማለች። ጌታ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ የልጆችሽን ነውር ሸክፈሽ የምትችዪበት ሆድ አያሳጣሽ።

አሁን አንባቢሽ ወረቀቱን ያስቀምጥና ቦርሳውን ይክፈት። ብልቃጡን በበረዶ ከረጢት ጠቅልሎ አምጥቷል። መጠኑን ትንሿ ታውቃለች። እጁን በሳሙና ታጥቦ ራሱ ይውጋሽ። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ማይክ እንጂ መርፌ ይዞ አያውቅምና ቀስ ይበል። አንቺ ክንድሽን ስጪው፣ እማዬ። ካለቀሰም አትቆጪው። በአፉ ካልነገረኝ አላምንም ብለሽ የለ? ይኸው፣ እስከዚህ ድረስ በአፉ ነግሮሻል።

ተቀምጦ ደስ የሚለው
ሁለተኛው ልጅሽ