ሰማያዊው በርሜል

ለምወድሽ እትዬ፣

ሳይጎን እንዴት ይዞሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? ልጆቹንስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኛ ደህና ነን፤ ወንዙም ዘንድሮ አላስቸገረንም። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስደውል አባዬ ከጎኔ ስለማይጠፋ ነው።

ከአዲስ ዓመታችን፣ ከቴት በዓል በኋላ አባዬን እወስደዋለሁ ካልሽኝ ወዲህ ልቤ አላረፈም። "እየረሳ ነው" ያልሽው እውነት ነው፤ አልዋሽሽም። ባለፈው ወር አንድ ቀን ጠዋት ውሃው ላይ በቆጥ የደረደርናቸውን የቅርጫት አበባዎች ማዳበሪያ አጠጣቸው፤ ቁርሱን በላና ታንኳውን አስነስቶ እንደገና አጠጣቸው። አፈር ቢሆን ይችለው ነበር። ቅርጫቶቹን የሞላንበት የኮኮናት ቃጫና የሩዝ ገለባ አመድ ግን እንደምታውቂው የሰጡትን ሁሉ ለሥሩ ነው የሚያቀብለው። የቅጠሉ ጫፍ ሁሉ አረረ። ጎረቤታችን ጋሼ ኒያን በታንኳው ሲያልፍ አየና፣ "ዘንድሮ አበባውን ትታችሁ ትምባሆ ልትሸጡ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀብን። አባዬ አልሳቀም። እኔም ንዴቴን ዋጥ አድርጌ፣ ማዳበሪያው ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ በንጹህ ውሃ ሳጠጣ ዋልኩ።

"ይቅርብህ" ልለው አቃተኝ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ሥራ ምን ብዬ ከእጁ ልቀማው? አሁን እሱ ሳይነሳ ማዳበሪያውን እኔ አጠጣለሁ። ለእሱ የምሞላለት በርሜል ውሃ ብቻ ነው፤ ውሃ ደግሞ ቢደጋገም በቅርጫቱ ሥር ይወርዳል እንጂ አይጎዳቸውም። ማዳበሪያችን ውሃውን ሰማያዊ ያደርገው የለ? እንዳይነቃብኝ አጥራችን ላይ ከሚንዠረገገው፣ እማዬ ሩዝ ታቀልምበት ከነበረው ሰማያዊ አበባ ዘፍዝፌ እጨምርበታለሁ። በብልጠቴ እኮራም ነበር።

እምቡጦቹ አምረዋል፤ አንዳንዶቹ ቢጫ ማሳየት ጀምረዋል። ጋሼ ኒያን ራሱ ትናንት ጠጋ ብሎ፣ "ያ ትምባሆ ደግሞ አበባ ያወጣል?" እያለ ሲያደንቅ ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ እኔ ስቀዝፍ አባዬ ሲያጠጣ ትንሽ ቆየን። ከዚያ ዞር እንኳ ሳይል፣ "ነገ ሰማያዊውን አበባ ጨመር አድርጊበት፤ ቀለሙ ሳስቷል። ኒያን ያየናል" አለኝ።

መቅዘፌን ተውኩት። አለቀስኩ፣ እትዬ። እሱ ግን፣ "ቅዘፊ እንጂ፤ ያኛው ረድፍ አልጠጣም" አለኝ።

ለቴት ነይ። ግን ልትወስጂው ሳይሆን ለበዓሉ ገበያ አበባ ልታስጭኚን ነይ። የአያቶቻችን ጥላ አይለይሽ፤ ልጆችሽን ያሳድጉልሽ።

ታናሽ እህትሽ