ስለ ሚልክያስ ከእኔ እንድትሰማው

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ ኤልያስ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ወገብህስ እንዴት ነው፣ የሱቁን ካርቶን ሰው ያወርድልሃል ወይስ አሁንም ራስህ ነህ የምትሸከመው? ኢየሩሳሌምስ፣ ደም ግፊቷ ረገብ አለላት? ልጃችሁ ቤቴል ጥርስ አወጣች ካልከን ወዲህ ፎቶዋን ስላላየን ምን እንደምትመስል በሐሳባችን እየሳልን ነው። የጆሃንስበርግ ብርድ ገብቷል ሲሉ ሰምቼ እማማ ሹራብ እንዲለብስ ንገሪው ብላኛለች። እማማ ስምህን ሳትጠራ ጸሎት አትዘጋም። እኔም በጌታ ቸርነት በሕይወት አለሁ። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፣ እጄ ለምዶታል፤ ግን ደህና አይደለንም።

በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ስንደዋወል ከአጠገቤ ስለማይነሳ ነው። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ፈለቀ ወዳንተ አገር ስለሚመጣ በእጅህ ይሰጥሃል። እባክህ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ዩኒቨርሲቲያችን ከአንድ የቱርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ፣ ጥቂት ተማሪዎች እዚሁ ጂንካ ተቀምጠን የእነሱን ኮርስ በኢንተርኔት እንደምንወስድ ነግሬህ ነበር። ቪዛ የለ፣ አውሮፕላን የለ፤ ፊታችን ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ተደርድሮ ከየአገራችን እንማራለን። የእኔ ኮርስ ስለ ከተማ ውሃ ነው። ኤሊፍ ከምትባል ቱርካዊት ልጅ ጋር ተመድበን፣ እሷ ስለ አገሯ ወንዝ እኔ ስለ እኛው ኔሪ ወንዝ ልናቀርብ ስንዘጋጅ ነበር። እንግሊዝኛዬ ሲሰበር እየሳቀች ታቃናልኛለች፤ የእሷም ሲሰበር እኔ እስቃለሁ።

ዶርም ኔትወርኩ ስለማይጸና ጋሽ ጎሳዬ የኮምፒውተር ቤቱን ጓዳ ለቀቀልኝ። ታስታውሰው የለም? የፓስፖርት ፎቶህን ሲያነሳህ «ፈገግ አትበል፣ ከኤርፖርት ይመልሱሃል» ያለህ እሱ ነው። አባቱ ከሰሜን ቢመጡም እሱ እዚሁ ተወልዶ፣ አሪኛን ከእኔ ይልቅ የሚያቀላጥፍ ሰው ነው። ከእትዬ አልማዝ ጋር ልጅ ስላልወለዱ እኔን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ።

በሚያዝያ፣ የወንድማችን የሚልክያስ የልብ ጓደኛ ኖላዊ፣ ያ ባለሞተር፣ ሰው አድርሶ ከወይጦ ሲመለስ መንገድ ዳር ተገድሎ ተገኘ። አንገቱን በገጀራ መትተውት ነበር፤ ሞተሩም ተወስዷል። ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከተማው ግን ሬሳው ሳይቀበር ገዳይ አገኘለትና «መጤዎቹ ናቸው» ተባለ። ሬሳውን ከመኪና ያወረደው ሚልክያስ ነው። የኖላዊ ደም የደረቀበትን ሸሚዝ እንደለበሰ አደረ። እማማ ውሃ አሙቃ «አውልቀው ልጄ» ብትለው እጇን ገፈተራት። እማማን ሲገፈትር ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

የእኛ ፕሬዘንቴሽን የተያዘው ለሌላ ቀን ነበር፤ መምህሯ ስለለወጠችው በቀብሩ ማግስት ሆነ። ቤት ለማንም ሳልናገር ሄድኩ። ጠዋት ከተማው ጭር ብሎ ስለነበር ነገሩ ያለፈ መስሎኝ ነው። ሚልክያስም ዶርም ያለሁ መስሎታል።

ስለ ኔሪ እያስረዳሁ ሳለሁ ጣራው ላይ ድንጋይ ዘነበ። በረዶ ነው ብዬ ማውራቴን ቀጠልኩ። ከዚያ የፊት ለፊቱ መስታወት ረገፈ፣ እትዬ አልማዝም ጮኸች። ጋሽ ጎሳዬን በፌሮ ሲመቱት ከጓዳ ይሰማኛል። የብረትና የአጥንት ድምፅ እስከ አሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እሱ «ልጆች፣ እኔ እኮ ነኝ፣ ጎሳዬ ነኝ» ይላል። ስሙን ከነገራቸው የሚተዉት መስሎታል። ሲጠራላቸው ይበልጥ መቱት።

ኤሊፍ በጆሮ ማዳመጫው «ሊድያ፣ ምንድን ነው የምንሰማው? ከዚያ ውጪ» ትለኛለች። ልነሳ ስል፣ ከጓሮ በኩል፣ ከተቀመጥኩበት ግድግዳ ወዲያ ማዶ፣ አንድ ሰው «ቤንዚኑን እዚህ ድፉት፤ ክብሪቱን ለእኔ ስጡኝ፣ ለኖላዊ የምለኩሰው እኔ ነኝ» አለ። ሚልክያስ ነበር። ስሙን እየጠራሁ ግድግዳውን ደበደብኩ፤ በጩኸቱ ብዛት አልሰማኝም። ወዲያው ጭስ ገባ።

እየተደናበርኩ በፊት ለፊት ስወጣ አንዱ በዱላ ክንዴን መትቶ ሰበረኝ። ሚልክያስ ከጓሮ ሲዞር አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። አፈፍ አድርጎኝ እየሮጠ እስከ ድሮው አውሮፕላን ሜዳ አደረሰኝ። «ጋሽ ጎሳዬ ውስጥ ነው» አልኩት። «ተይው» አለኝ። «ይቃጠላል!» አልኩት። «ተይው አልኩሽ!» ብሎ ጨብጦ ያዘኝ። እጁን ነክሼ፣ የደሙ ጨው በአፌ እየመጣ፣ ተመለስኩ። አልተከተለኝም። ሰዎቹ እሳቱን ዳር ቆመው ያዩ ነበር እንጂ አልከለከሉንም። እትዬ አልማዝ በሁለት እጇ፣ እኔ በአንድ እጄ፣ ጎትተን አወጣነው። የክንዱ ቆዳ መዳፌ ላይ ቀረ።

ጋሽ ጎሳዬ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ሰነበተ። አንድ ጊዜ ነቅቶ «የሰዎቹ የትምህርት ማስረጃ ወጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኮፒ ሊደረግ የተሰጠውን ማለቱ ነው። ሁሉም ተቃጥሏል፤ «ወጥቷል» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። አረፈ። ይህን በደብዳቤ ስለማረዳህ ይቅር በለኝ።

ለቅሶ ቤት እትዬ አልማዝ አጠገቧ አስቀምጣኝ «ልጄ፣ ጓዳ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ማን ነው ክብሪት ስጡኝ ያለው?» አለችኝ። ጎረቤት ሁሉ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ነበር። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

በዚያው ሰሞን የቱርኳ መምህር ጻፈችልኝ። ክፍሉ ሁልጊዜ ስለሚቀረጽ የዚያን ቀን ድምፅ እሷ ዘንድ አለ። እስኪሻለኝ ድረስ የማቅረቢያውን ቀን እንደምታራዝምልኝ ነግራ፣ ቀጥላ «ቋንቋውን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። እንድሰርዘው ትፈልጊያለሽ ወይስ ልላክልሽ?» አለች። «ሰርዢው» ብላት ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ። ጽፌው ነበር። ልልከው ስል የእትዬ አልማዝ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ አጠፋሁትና «ላኪልኝ» አልኳት።

ይዤው እትዬ አልማዝ ዘንድ ሄድኩ። «ሚልክያስ ነው፣ ወንድሜ» ብዬ ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ «ተነሺ፣ አብረን እንሂድ» አለችኝ። ፖሊስ ጣቢያ እስክንደርስ ከፊት ከፊቴ ሄደች እንጂ አንዴም ዞራ አላየችኝም።

የዚያን ቀን አባባ ቀበቶውን ፈታ። የተሰበረ ክንዴ ገና በጀሶ ነበር። «የቤቴን ልጅ ሸጥሽው» እያለ ጀርባዬን፣ ፊቴን፣ ያገኘውን ሁሉ መታ። እማማ በመካከላችን ገብታ የቀበቶው ዘለበት ቅንድቧን ቀደደው። ደሙን ሲያይ ነው የተወኝ። አሁን በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነቱ ቆሞ ይጸልያል፤ ከእኔ ጋር ግን አንድ ገበታ አይቀርብም።

ለሚልክያስ ከተያዘ ጀምሮ ስንቅ አመላልሳለሁ። እኔ መሆኔን ሲሰማ አይወጣም ነበር። ባለፈው ሳምንት ወጣ፤ ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። «የተቀዳውን ሰምተሽዋል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ስሙን ሲነግረን ይሰማል?» አለኝ። «ይሰማል» አልኩት። ግንባሩን ከግንቡ ጋር ያጋጨው ጀመር፤ ፖሊሶቹ ለሁለት ይዘው እስኪያስገቡት ድረስ አላቆመም። ጨካኝ ነው ብዬ እንዳልጠላው ይህ አለ፤ እንዳልምረው ደግሞ «ተይው» ያለኝ አለ። ሁለቱን ይዤ ነው የምውለው።

ማቅረቢያዬን ከዶርም አቀረብኩ፤ ኮርሱንም አለፍኩ። ኤሊፍ ስታየኝ አለቀሰች። ያ ሰውዬ ምን እያለ ነበር ብላ ስትጠይቀኝ «ስሙን» አልኳት፤ ሌላውን አልነገርኳትም።

ምስክርነቴ በሚቀጥለው ወር ይሰማል። አባባ ጠበቃ ይዟል። «ድምፅ ይመሳሰላል፣ እርግጠኛ አይደለሁም» እንድል ይፈልጋል፤ እምቢ ስላልኩት ለአንተ ሊደውል ነው። ምን እንደሚልህ አውቀዋለሁ፤ እናንተን ያሳደግሁት ለዚህ ነው ወይ ብሎ ያለቅሳል፣ አንተም ሆድህ አይችልም። ሚልክያስ ላንተም ወንድምህ ነው፣ የመጀመሪያዋን ሞተር የገዛህለት አንተ ነህ።

ወንድም ጋሼ፣ የአባባን ቀበቶ ችዬዋለሁ። የሰፈሩንም ስድብ ችዬዋለሁ። እኔን በልጅነቴ አዝለህ ገዘር ከተማ ድረስ ለትምህርት ያመላለስከኝ አንተ፣ «ሊዱ፣ ስለ እኔ ስትይ ተይው» ካልከኝ ግን እተወዋለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ። ስለዚህ እለምንሃለሁ፣ አትበለኝ።

ለኢየሩሳሌም ናፍቆቴን ንገርልኝ፣ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ። ቤቴልን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። አብሮህ ሱቅ ለሚሠራው ለሙሴም ሰላምታዬ ይድረሰው። እማማ በእንባ ትስምሃለች፤ የቅንድቧ ቁስል ድኗል። አባባ መጻፌን አያውቅም። ሚልክያስ ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ እማማ ግን «ከእሱም ብለሽ ጻፊ» ስላለችኝ ጽፌዋለሁ።

እህትህ ሊድያ
ጂንካ፣ ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.