ለአንድ ሰው ብቻ የመጣው መድኃኒት

ልጄ ኛማል፣ ጌታ በዚያ በሜልቦርን ብርድ ይሸፍንሽ፤ በምትገቢበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን። ባሮ ሞልቷል፤ አባትሽን ሳሉ ለቆታል። ፊደሌ የተንሻፈፈው በግራ እጄ ስለጻፍኩ ነው።

አዲስ አበባ የጡቴን ካንሰር ሊያወጡልኝ ስተኛ፣ ጨረር ያለው መድኃኒት እንዳለ ነገሩኝ። ጡት ላይ ሲወጋ፣ ካንሰሩ ቢሰራጭ መጀመሪያ የሚደርስበትን የብብት ዕጢ ያሳያል፤ እሱ ብቻ ወጥቶ ይመረመራል፤ ያለ መድኃኒቱ ግን የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ የብብቱ ዕጢዎች በብዛት ይወጣሉ። የዚያን ቀን የመጣው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለነገም አይቆይም። ተራው የእኔ ነበር። ሐኪሟ ግን አጠገቤ የተኛችውን ከመቲ ከተማ የመጣችውን ማክዳን አየት አደረገችና፣

«እናቴ፣ እሷ ሕፃናት ታሳድጋለች፤ የእርስዎ ልጆች አድገዋል» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ።

ከማክዳ አንድ ዕጢ ወጣ፤ ንጹሕ ሆነ። ከእኔ አሥራ ዘጠኝ አወጡ፤ ሁሉም ንጹሕ ነበሩ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለችኝ ሐኪሟ።

ዕጢዎቹ ስለወጡ አሁን ቀኝ እጄ እስከ ጣቶቼ አብጧል፤ መቀስ መያዝ አቅቶኝ የስፌት መኪናዬን ለጎረቤታችን ለኒካው ሰጠሁት። ማክዳ በየእሁዱ ልታመሰግነኝ ትደውላለች፤ አላነሳም። ጌታ ይቅር እንዲለኝ ጸልዪልኝ።

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ልጄ። ሲመችሽ ደውዪ፤ ያንቺን አነሳለሁ።

እናትሽ ኛቶክ